«ስታረግዢ ነይ»

ሕመምተኞቹ ሐኪሙን «ዶክተር አይዞሽ» ነው የሚሉት። ራሱን ላመመውም፣ ራሱን ለሳተውም የሚላት ቃል ይቺው ናት። ከታካሚዎቹ አንዷን፣ ልብስ ሰፊዋን ልጅ፣ የሚጥል በሽታ የጀመራት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላት፤ በሽታውም አደብ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ለስምንት ዓመት በየስድስት ወሩ እየሄደች «እንደ ቀድሞው ይቀጥል» የሚል ወረቀት ይዛ ትመለሳለች።

ዘንድሮ ግን ልታገባ ሦስት ወር ቀርቷታል። ልጅ ትፈልጋለች፤ ያውም ቶሎ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከኪኒኑ ካርቶን አውጥቶ የሚጥላትን ወረቀት ዘረጋቻት። በውጭ ቋንቋ የተጻፈች፣ ፊደሏ ጉንዳን የምታክል ናት። መዝገበ ቃላት ተበድራ ሳምንት ሙሉ ታገለቻት። ሲገባት ደግማ አነበበቻት፦ ኪኒኑ የጽንስን አከርካሪና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ መውለድ የምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ አትውሰደው ይላል።

እናቷን አስከትላ ሄደች። ዶክተር አይዞሽ ካርዷን ሳይገልጥ ብዕሩን አነሳ።

«እንደ ቀድሞው...»

«ቆይ ዶክተር፣ ላገባ ነው። ይሄ ኪኒን ለጽንስ አይሆንም ይላል ወረቀቱ።»

ሐኪሙ ወደ እናትየው ዞረ። «ልጅዎ ወረቀት ታነባለች እንዴ?»

«ምን ላድርጋት ዶክተር፣ ያገኘችውን ሁሉ ነው የምታነበው» አሉ እናት፣ ልጃቸው በስርቆት የተያዘች ይመስል አንገታቸውን ደፍተው።

«አይዞሽ። ስታረግዢ ነይ፣ ያኔ እንቀይረዋለን።»

«ማርገዜን እስካውቅ እኮ አከርካሪው ተሠርቶ ያልቃል! ልኬት የሚወሰደው ቀሚሱ ከተሰፋ በኋላ ነው?»

እናት በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ሐኪሙ እንደ ጋሻ ካርዱን ከፈተ። እዚያ ላይ «ለመውለድ ዕድሜ ደርሳለች?» የምትል ጥያቄ ታትማለች። መልሱ «ገና» ይላል። የቀጣዩ ቀጠሮም «ገና»። አሥራ ስድስት ጊዜ፣ በአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ «ገና»።

«ሃያ አራት ዓመቴ ነው። እስካርጥ ነው የሚጠብቁት?»

«እሱ... ከበፊቱ እየተገለበጠ ነው።»

«እሺ፣ አይቀይሩት። ግን ‹ጠየቀችኝ፤ ስታረግዢ ነይ አልኳት› ብለው ይጻፉና ይፈርሙልኝ።»

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ያላነበበውን ሁሉ ሲፈርም የኖረ እጅ፣ የገዛ አፉ የተናገረውን መጻፍ አቃተው። ብድግ ብሎ ወጣ፤ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለችው የነርቭ ስፔሻሊስት ክፍል። ሲመለስ ጆሮው ቀልቷል።

«ይቀየራል» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን እያየ። «አዲሱን ቀስ እያልን እየጨመርን፣ የድሮውን እየቀነስን፤ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። በራስሽ ድንገት እንዳታቆሚ። ለጽንሱ አከርካሪ የሚረዳ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ትጀምሪያለሽ። እስክንጨርስ ማርገዝ የለም፤ መከላከያ ያስፈልግሻል። በሽታው ሊነሳብሽም ይችላል፤ አልዋሽሽም።»

አይዞሽ ስላላላት አመነችው።

ኮሪደሩ ላይ ለእጮኛዋ ደወለች። ሕመሟን ያውቃል፤ ሲጥላት ግን አይቶ አያውቅም።

«ስማ፣ ልጁ ይቆየናል። መድኃኒት እየቀየርኩ ነው። እስከዚያ ሊጥለኝ ይችላል፤ መኪናው ላይም ብቻዬን አልቀመጥም... የስፌቱ ነዋ፣ ምን መኪና አለኝ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» እናት በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ይስማ እማዬ።» ከዚያ ወደ ስልኩ፣ «ሰማኸኝ?»

«ሲጥልሽ ምን ላድርግ?» አለ እጮኛዋ።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ብዕር አለህ? ጻፍ። በጎኔ አስተኛኝ። ሰዓት ያዝ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት አድርሰኝ። ይዘህ እንዳታፍነኝ። አፌ ውስጥም ምንም ነገር እንዳትከት።»

«የሷን አፍ ማን ደፍሮ!» አሉ እናት ከሻርፑ ሥር።