ሬዲዮ የሌለበት ስብሰባ

«ያንተስ ሳምንት እንዴት ነበር?» አለ አለቃው።

«ሰላም ነው። ምንም የለም።»

«ያንተስ?»

«እኔም ምንም የለም፣ ጋሼ።»

የሊፍት ጠጋኞቹ አለቃ መጠየቁ ራሱ ሰለቸው። የሰኞውን ስብሰባ የጀመረው እሱ ነበር፤ ሥራ ላይ የተሳሳተ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይማርበታል፣ ማንም አይቀጣም ብሎ። ቀድሞ ስህተቱን ያመነው አፉ አርፎ ስለማያውቅ ሬዲዮ የሚሉት እኩያው ነው። ኤሌክትሪኩን ሳያጠፋ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ መውረዱን፣ ለጥቂት መትረፉን እየሳቀ ተናገረ። ወሬው ላይኛው ቢሮ ሲደርስ ሬዲዮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። አለቃው ለበላዮቹ አንድ ጊዜ «ግን» ብሎ ተወው።

ከዚያ ወዲህ የሚሳሳት ሰው ጠፋ። አለቃው ብቅ ሲል ጨዋታው ይቆማል፤ ምሳውንም ብቻውን ይበላል። ብቸኝነቱንስ እንደምንም ይችለው ነበር። ዛሬ ግን የአንዱ ጠጋኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በር መታኝ።»

ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ከፋሻው ጫፍ የወጡት ጣቶች ጠቁረዋል። በር ጣት አያቃጥልም። አለቃው ፈራ፤ ነገ ሬሳ አንስተውም «ምንም የለም» ይሉታል።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወረደ። ሬዲዮ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ብሎን ይለያል።

«ምን ልስጥህ?» አለ ቀና ሳይል።

«ምንም። ላይህ ነው።»

«ዛሬ ገና? እዚህ ሰው የሚመጣው ብሎን ሲጎድለው ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ያንተን አይተው ሁሉም አፋቸውን ዘጉ። ዛሬ አንዱን ኤሌክትሪክ ይዞት በር መታኝ ይላል።»

«ለበላዮችህ ንገራቸዋ።»

«እሱንም እዚህ ያመጡታል።»

«ያምጡት! የማወራው ሰው አገኛለሁ።»

አለቃው ሳቀ። ወዳጁ ምን ያህል እንደናፈቀው ያወቀው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠጋኞቹን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይዟቸው ወረደ። በየካርቶኑ ላይ ተቀመጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ስህተት ሲኖር ወደ ላይ የሚወጣው ስም የኔ ብቻ ነው።»

ሬዲዮ ተነሥቶ ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ የብሎን ሳጥኑን አነሣ።

«እንግዲህ ቦታህን ያዝ» አለው፣ «አንተም ወደዚህ መዛወርህ አይቀርም።»

አለቃው ሄዶ ተቀመጠ። ባለፋሻው ሰውዬ ሁለቱን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ።

«በር አይደለም፣ ጋሼ» አለ።