ሦስት ጊዜ የተቀባ ክዳን

አባቴ በውትድርናው ዘመን ይነዳው የነበረው የጭነት መኪና ግቢያችንን ሞልቶ ነው የኖረው። ዛሬ በራሱ ሞተር ሰፈሩን ዞሮ ካልተመለሰ አሮጌ ብረት ገዢው እንዲወስደው ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ገዢውም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

መኪናው ተነሳና ማጠፊያው ጋ ሳንደርስ አንገራግሮ ጠፋ። ትንሽ አሳርፈን ስናስነሳው ተነሳ፤ ደግሞ ጠፋ።

«እትዬ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሞቷል። እርምሽን አውጪ» አለኝ መካኒኩ ታናሽ ወንድሜ።

«የሞተ ነገር አርፎ አይነሳም» አልኩት። «ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ሲሠራ አልነበር? ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው።»

ወርጄ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ስከፍት አየሩን ሽው አድርጎ ሳበው። ክዳኑ ላይ የነበረችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ በአረንጓዴ ቀለም ተደፍናለች። አየር ካልገባ ነዳጁ አይወጣም።

«ክዳኑን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኛ! ሦስት ጊዜ ደራርቤ!» አለ ባለቤቴ በኩራት። ወዲያው ገባውና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ቤት ብናስቀባህ መስኮቱንም ትደፍነዋለህ» አለው ወንድሜ።

ከሻሼ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅዬ ቀዳዳዋን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አንዴም ሳያንገራግር ሰፈሩን ዞረን ተመለስን። ገዢው ጠጋ ብሎ የመኪናውን በር መታ መታ ሲያደርግ ባለቤቴ ዘሎ ወረደ።

«ወንድሜ፣ እጅህን አንሳ! ቀለሙን ትጭረዋለህ!»