ከትከሻ በላይ

እንስራ ሙሉ ውኃ ከምንጭ ተሸክማ የምትመጣ ልጅ፣ ጸጉሯን ልሥራ ስትል ክንዷ ለምን እንቢ ይላታል?

እማማ አሰለች ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሦስት ቀን ሆናቸው፤ መልስ ግን አላገኙለትም። የልጅ ልጃቸው ሙሉሃብት ከብልባላ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ጧት ልጆቹን፣ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርቱን ጎልማሶች ታስተምራለች። ነገሩ የተጀመረው እሑድ ዕለት ማበጠሪያ ይዛ መጥታ «እምዬ፣ እስቲ ይሥሩኝ» ስትላቸው ነው። ጸጉሯን ሁልጊዜ ራሷ ነበረች የምትሠራው። ምን ሆነሽ ነው ቢሏት፣ ክንዷን ካመማት መክረሙን፣ እስከ ፋሲካ ካልተሻላት ማስተማሩን ትታ ሌላ ሥራ እንደምትጠይቅ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድላቸው አለ። ያቺ ልጅ ጠመኔ ካልጨበጠች ምን ልትሆን ነው?

ብርድ ይሆናል ብለው መኝታዋን ከበሩ ራቅ አደረጉት። በቅቤ አሿት። የሰው ዓይን እንደሆነም ብለው ጠበል አስረጯት። ምንም። በመጨረሻ ወጌሻውን አያ ደባሱን አስጠሩ።

አያ ደባሱ ትከሻዋን ዳብሰው ክንዷን ወደ ፊት ዘረጉት፣ ወደ ጎን ዘረጉት፤ ደህና ነው። ወደ ላይ ሊያነሡት ሲሉ ግን ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች።

«አጥንቱስ ከቦታው ነው» አሉ። «ከትከሻሽ በላይ ምን ትሠሪያለሽ? ጣራ ትከድኛለሽ እንዴ?»

ሙሉሃብት ሳቀች። ከዚያ አያቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። እማማ ያቺን አስተያየት አልወደዷትም። ምን ማለቷ ነው?

እማማ ራሳቸውም ከጎልማሶቹ ተማሪዎች አንዷ ናቸው። በማግስቱ ክፍል ገብተው ደብተራቸውን ሳይከፍቱ ልጅቱን ብቻ ያዩ ጀመር። በእግሯ ጣቶች ትቆማለች፤ ሁለት መስመር ትጽፋለች፤ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ታወርዳለች። የሰሌዳው ታችኛው ጠርዝ እንኳ ከአገጯ በላይ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ከፊታቸው ተሰቅሎ እንዴት አላዩትም?

«ይህን ሰሌዳ ሰማይ ላይ የሰቀለው ማነው?» ብለው አጠገባቸው ለተቀመጠችው ለገለቴ አንሾካሾኩ።

ገለቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እርስዎ ነዎት እንጂ። ረሱት?»

እማማ ክው አሉ። እውነት ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆኑት ቄስ ገብረመስቀል ንባቡን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ እዚያ ክፍል የመጡት ለሒሳቡ ነው። ካህን ናቸውና ፊት ተቀመጡ። ጥምጥማቸው ደግሞ ትልቅ ነው፤ ከኋላቸው ያለ ሰው የሚያየው ነጭ ሻሽ ብቻ ሆነ። ያውልቁት አይባል፣ ወደ ኋላ ይሂዱ አይባል። አምና እማማ አሰለች ብድግ ብለው፣ ካህን ከሚነሣ ሰሌዳው ይነሣ ብለው በገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፊት ተከራከሩ። ሰሌዳው በዚያው ቀን አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቸነከረ። ክፍሉም አጨበጨበላቸው።

ቤት እንደገቡ ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቋት። ሙሉሃብት ያመማትን እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ መሬት መሬቱን አየች።

«ሰሌዳው ከወረደ አባ ወደ ኋላ ሊሄዱ ነው። እኔ ካህን ከቦታው አስነሥቼ እዚህ አገር ልኖር? እርስዎም ቢሆኑ ያን ያህል ተጨብጭቦልዎት፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት?»

ቄስ ገብረመስቀል የእማማ የነፍስ አባት ናቸው። ሠላሳ ዓመት መስቀላቸውን ሲሳለሙ፣ ቀና ብለው እንኳ ዓይናቸውን አይተው አያውቁም። የልጅቱን ጸጉር አዩት፤ እሑድ የሠሩላት ሹሩባ በአንድ በኩል ተንጋዷል፣ እጃቸው እንደ ድሮው አይደለም።

ጋቢያቸውን ደርበው ምርኩዛቸውን አነሡ። ሙሉሃብት በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እማማ ወጥተው፣ ወደ ቄሱ ቤት የሚወስደውን ቁልቁለት ያዙ።