ቀይ ክር የነበረበት ባልዲ

ቀዩን ክር ያየሁት ጀልባዋ ከግራሩ ሥር ለቃ ውሃው መሐል ከገባች በኋላ ነው። የልጄ የማስተዋል የእጅ አንጓ ላይ ታስሯል። መታሰር የነበረበት ባልዲው እጀታ ላይ ነበር።

ቤታችን ሁለት ቢጫ ባልዲዎች አሉ። ቀይ ክር ያለበትን ጀልባ ላይ ለመጸዳጃ፣ ከታቹ አመድ ነስንሰን እንይዘዋለን። ሌላው የሩዝ ዘር ነክረን የምናጠነፍፍበት ነው፤ ቂጡ በሚስማር ተበሳስቷል። ልጄ ክሩን ፈትታ ለጌጥ አድርጋዋለች። እኔ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ የተበሳሳው ላይ አመዱን ነስንሼ ይዤው ወጥቻለሁ። ባልዲውን ብድግ ሳደርገው አመዱ በቀጭን በቀጭኑ ጀልባዋ ወለል ላይ ፈሰሰ።

ማስተዋልን ሆዷን ሲያስቀምጣት ሁለት ሌሊት ሆኗል። ወረታ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው። ክረምት ሲገባ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ዙሪያው ውሃ ስለሚሆን፣ እስከ አስፋልቱ የሚያደርሰን የጀልበኛው የመንግሥቴ ጀልባ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አተት ነው እያልኩ፣ የት እንደምትቀበር ሳይቀር አስቤ ነበር።

ዘንድሮ ጉድጓዶቻችን በጎርፍ ስለተዋጡ የምንጠጣው ይህንኑ ውሃ አፍልተን ነው። ስለዚህ መንደሩ ተሰብስቦ ከጀልባ ላይ ወደ ውሃ መጸዳዳት ከልክሏል። ሁሉም ክዳን ያለው ባልዲ ይይዛል፤ ሲመለስ ጉብታው ላይ ባለው የጋራ ሽንት ቤት ይደፋል፤ የሽንት ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ይህን ያላከበረ ሁለት ሳምንት ጀልባ ላይ አይሳፈርም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስሟን ጠርቼ ያስቀጣኋትም ጎረቤቴን ደብረወርቅን ነው፤ ልጇን በጀልባዋ ጠርዝ ወደ ውሃው ስታጸዳዳው አይቼ። ቅጣቷ ትናንት አለቀ። ዛሬ ባልዲዋን እግሯ ሥር አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

«እማ፣ መጣ» አለች ማስተዋል።

መንግሥቴ መግፊያ ዘንጉን አቁሞ ፊቱን አዞረ። ውሃው ብዙ ነው፣ የአንዲት ሕፃን ነገር ምን ያደርገዋል፣ እኔም አላየሁ አለ። ቀና ስል ከፊታችን ሁለት ሴቶች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ጀሪካን ይሞላሉ። የቁሐር ልጆች ሁሉ በየቤቱ ታመው ሲተኙ ታየኝ። ልጄ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። ነጠላዬን አወረድኩና እንደ ሽንት ጨርቅ ልጠቀልልላት አጠፍኩት፤ ነጠላው ግን ስስ ነው፣ ውሃ አይዝም።

ደብረወርቅ የተበሳሳውን ባልዲ አየችው፣ ከዚያም እኔን።

«ዘር ልትዘሪ ነው እንዴ የወጣሽው?» አለች።

እሷ በእግሯ የራሷን ባልዲ ወደ እኔ ገፋችው። አዲስ ነው፤ አመዱም ክዳኑም በቦታው።

«ያን ቀን የኔም ልጅ ታሞ ነበር። ባልዲ አልነበረኝም። እሱን የጠየቀኝ የለም» አለች። «አስቀምጫት እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ!»

መሪጌታው የኔታ ገብረ ሐና ጀልባዋ ዳር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ልጄን ከለሉልኝ፤ እርሳቸው ካፊያው እየመታቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሩ። መንግሥቴንም «አንተ ፊት ፊትህን እያየህ ግፋ» አሉት። ሲያልቅ ደብረወርቅ አመድ ጨመረችበትና ክዳኑን አጥብቃ ገጠመችው።

«ስብሰባው ላይ ከመናገሬ በፊት ቤትሽ መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኳት።

«ነበረብሽ» አለች። አስፋልቱ ስንደርስ ግን ማስተዋልን ስታወርድልኝ በራሷ ጋቢ ጠቀለለቻት።

ጤና ጣቢያው አተት አይደለም አለኝ። ነርሷን ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ሦስተኛው ላይ ሳቀች። ለምለም የሚባለውን የተቅማጥ ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጬ እንዳጠጣት ሰጠችኝ። ስንመለስ ማስተዋል ሩዝ ካልበላሁ ትል ጀምራለች። የራባት ልጅ አትሞትም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ፤ ወዲያው ግን ግንባሯን ዳሰስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደብረወርቅን ባልዲ ጉብታው ላይ ደፋሁ። ዕጣቢውንም እዚያው ጉድጓድ ጨምሬ በበረኪና ሁለቴ አጠብኩት፤ ደረቅ አመድ ነሰነስኩበት። ቀዩንም ክር እጀታው ላይ አሰርኩላት። ማስተዋል ክሩን የሰጠችኝ ሌላ እንደምገዛላት አስምላኝ ነው።

ደብረወርቅ ልትወስደው መጣች። የሽንት ቤቱን ቁልፍ በእጄ አየችና፣ ሕፃን ይገባበታል እያልሽ አንቺው ይዘሽው መንደሩ ደጅ ሲጠናሽ ይውላል አለችኝ። እውነቷን ነው። የእሷ ቤት ከእኔ ቤት ለጉብታው ይቀርባል። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩት።

የሽንት ቤቱን በር ልትዘጋ ገፋችው፤ እንጨቱ በዝናብ ስላበጠ በትከሻዋ ደገመችው። ቁልፉ ሲገባ ሰማሁት። ሆኖም አላስቻለኝም፤ ጠጋ ብዬ የበሩን እጀታ አንዴ ሳብኩት። ተቆልፏል።