በስህተት የወጣ እልልታ

ጁላይ 8 ቀን 2006፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ ፍሬወይኒ ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እልል አለች። ያለችው በስህተት ነው።

ልጃችን ዓንደብርሃን በኖቬምበር በረዶ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ባለው አፓርትመንታችን የምትተኛው በሩ አጠገብ፣ ሶፋው ላይ ነበር። ልጁ ኤርፖርት የሌሊት ሽፍት ይሠራ ስለነበር ሲገባ የቁልፉ ድምፅ የሚሰማው እዚያ ነበር፤ አሁንም የምትጠብቀው ያንን ነው። "ወደ አልጋሽ ነይ" ስላት "ትንሽ ልቆይ" ትለኛለች። እኔም አጠገቧ ወንበር ላይ እንዳንቀላፋሁ ይነጋል፤ ከዚያ ሥራ። ሰውነታችን አለቀ።

የምሠራው ዳውንታውን፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ነው። እማማ ቶሚኮ የምላቸው ጃፓናዊት አሮጊት ወደ ቤተ መቅደሳቸው አበባ ሲወስዱ በኔ በኩል ያልፋሉ። ስፕሪንግ ሲሆን የቼሪ ቅርንጫፍ፣ ሰመር ላይ ደወል የሚመስል ሐምራዊ አበባ ይይዛሉ። አንድ ዘለላ ሂሳብ የምቀበልበት መስኮት ላይ ትተው ነው የሚሄዱት። በዚያ ሳምንት "ቅዳሜ በዓል አለን፤ ባለቤትህን ይዘህ ና" አሉኝ። የምን በዓል እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የአበባ መሰለኝ።

"ቅዳሜንም ፓርኪንግ ሎት ልታሳየኝ?" አለች ፍሬወይኒ።

"ለኛ ነፃ ነው፤ ተነሽ።"

ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች።

ቤተ መቅደሱ ፊት ያለው መንገድ ተዘግቶ የወረቀት ፋኖስ ተሰቅሎበታል። ትልቅ ከበሮ ይመታል። ልጅ አዋቂው በአበባ ያጌጠ ረጅም ልብስ ለብሶ፣ ክብ ሠርቶ፣ ማራገቢያ እያወዛወዘ ይዞራል። ከበሮው ሲደልቅ ፍሬወይኒ ሳታስበው እልል አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"ሙሽራዋ የታለች?" አለችኝ።

እማማ ቶሚኮ እየሳቁ መጡ። ጥያቄዋን ተረጎምኩላቸው።

"ሙሽራ የለም" አሉ። "የሞቱብን ሰዎች ሊጠይቁን የሚመጡበት ቀን ነው፤ የምንጨፍረው ለነሱ ነው። ባሌ በየዓመቱ ይመጣል። በሕይወት እያለ ግን ጭፈራ የሚባል ነገር አይወድም ነበር።"

ስነግራት ፍሬወይኒ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። "በሰው ሐዘን ላይ እልል አልኩ? ምነው ሳህለ፣ ሳትነግረኝ!"

"እኔስ መቼ አወቅኩ?"

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። "ጠይቅልኝ እስቲ። ከመጡ በኋላ እዚሁ ይቀራሉ?"

"አይቀሩም" አሉ እማማ ቶሚኮ። "መንገዳቸው ሩቅ ነው፤ እንሸኛቸዋለን። ካልሸኘናቸው እነሱም አያርፉ፣ እኛም አናርፍ።"

ፍሬወይኒ ወደ ፋኖሶቹ ቀና አለች።

"እኛ ቀበርነው እንጂ አልሸኘነውም" አለችኝ።

እማማ ቶሚኮ ምን እንዳለች አልጠየቁም። ማራገቢያቸውን በእጇ አስያዟት። "ያንን ድምፅ ድገሚው በላት፤ ሩቅ ይሰማል።"

ክቡ ውስጥ ገባች። እርምጃው አልያዝላት አለ፤ ሰዉ ወደ ቀኝ ሲዞር እሷ ወደ ግራ እየዞረች ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጋር ተጋጨች። እልልታዋ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ መሃሉ ላይ ተሰበረ፤ ከበሮው ግን አላቋረጠም። እኔ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።

ጥቁሩን ዓመቱ እስኪሞላ አላወለቀችም። ሶፋውን ትታ ወደ አልጋዋ የተመለሰችው ግን ከዚያ በፊት፣ በኦክቶበር ነው።