የውርጭ ቡና

ወይዘሮ ደጊቱ ትኩስ ነገር እንዳይቀምሱ ሐኪም የከለከላቸው በኅዳር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው። ጉሮሯቸው ውስጥ ቁስል ነበረ። ልጃቸው መገርሳ በጎጃም መንገድ በሚያልፍ የጭነት መኪና አሳፍሮ፣ እንጦጦን አሻግሮ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አሳይቷቸው ሲመለስ፣ ለሚስቱ ለተረፈች የነገራት እናቱ ቶሎ እንደማይሻላቸውና ከእሳት የወረደ ነገር ሁሉ በርዶ እንዲሰጣቸው ብቻ ነበር። ይህን ብሎ በማግስቱ ማጭዱን ይዞ ወደ ሜዳው ወረደ። የድርቆሽ ወራት ነው፤ ሱሉልታ ላይ ሣሩ በጊዜው ታጭዶ ካልተከመረ የዓመቱ ኑሮ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ማስታመሙ የተረፈች ሆነ። ላሞቹም የእሷ ናቸው፤ ወተቱን በማለዳ አዲስ አበባ ለሚያመላልሰው ሰው ማድረስ፣ ለአጫጆቹ ምሳ መላክ፣ ውሃ መቅዳት፣ ኩበት መጠፍጠፍ ከድሮም የእሷ ነበር። አሁን ደግሞ አማቷን ደግፎ ማንሳትና ማስተኛት፣ አጥሚቱን አቅጥኖና አብርዶ በማንኪያ ማጠጣት ተጨመረ። ተረፈች አልተማረረችም። ማማረርም ጉልበት ይጠይቃል። ቁጢጥ ብላ ስታልብ ግንባሯን ላሚቱ ጎን ላይ ታስደግፍና ዐይኗ ይከደናል፤ ላሚቱ ስትንቀሳቀስ ትባንናለች፤ ከዚያ እጇ ከቆመበት ይቀጥላል።

ትልቁ ጣጣ ቡና ነበር። ወይዘሮ ደጊቱ ምግብ ቢቀር ግድ የላቸውም። ቡና ከቀረ ግን ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው ያስሩና ቀኑን ሙሉ ሲያቃስቱ ይውላሉ። ተረፈች አፍልታ፣ አብርዳ ብትሰጣቸው አንዴ ፉት አሉና ስኒውን መለሱላት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቡና ነው፣ እማዬ። ስለበረደ ነው እንጂ።"

"የበረደ ቡና እጣቢ ነው። ወስደሽ ድፊው።"

ወስዳ ደፋችው። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ ሆነ። ራስ ምታቱ ሲጠናባቸው ትኩሱን ካልሰጠሽኝ ብለው ያስቸግሯታል፤ ስትከለክላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ደግሞ፣ "ቡና እንኳ ነፍገውኝ ነው የምሞተው" ይላሉ፤ ተረፈች እየሰማች ለእንግዳው መቀመጫ ታቀርባለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብሳቸውን ስትቀይርላቸው፣ ድንገት በለዘበ ድምፅ አነጋገሯት።

"የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ፣ አዲስ አበባ፣ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ሳህን ያመጡልን ነገር ትዝ ይልሻል?"

"እኔ ያኔ ላሞቹን ብዬ ቤት ቀርቻለሁ፣ እማዬ። አልሄድኩም።"

"የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ቢጫ ሆኖ ከላዩ ጠይም ውሃ ይወርድበታል። ቀዝቃዛ ነው። አይታኘክም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ራሱ መንገዱን ያውቃል። ይጣፍጣል፣ ደግሞ መረር ይላል።" ጉሮሯቸውን በመዳፋቸው ያዙ። "እንደሱ ያለ ነገር ቢሆን ይህ ጉሮሮ ያሳልፈው ነበር።"

ተረፈች የወለቀውን ልብስ አጣጥፋ ወጣች። የሚንቀጠቀጥ ነገር ከየት ታምጣ?

በማግስቱ ጨው ልትገዛ መንገድ ዳር ወዳለው የውብአየሁ ሱቅ ሄደች። ውብአየሁ ከመንዝ የመጣች ሴት ናት፤ አግብታ ሱሉልታ ከመግባቷ በፊት ፒያሳ የአንድ ጣሊያን ኬክ ቤት ሳህን በማጠብ ጀምራ ማድ ቤት እስከ መሥራት ደርሳ ነበር። ተረፈች አማቷ ያሉትን እንዳሉት ነገረቻት።

"ክሬም ካራሜል ነዋ" አለች ውብአየሁ። "እንቁላልና ወተት ነው። ከሥሩ የተቃጠለ ስኳር አለው።"

"ጾም ነው እኮ።"

"ለታመመ ሰው ንስሐ አባት ይፈቅድ የለም?"

"ፈቅደውላቸዋል። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። በእርጅናዬ ቂቤ ልሼ ከፈጣሪ ፊት አልቀርብም አሉ።"

ውብአየሁ ጨውን በወረቀት እየጠቀለለች አሰበች። "እኔ የነበርኩበት ቤት ባለቤቷ ሲኞራ በበጋ ያንኑ ጣፋጭ በቡና ታስመስለው ነበር። ስኳሩን ታቃጥለዋለች፤ ወፍራም ቡና ትገለብጥበታለች። ሲበርድ ክሬምና በረዶ ጨምራ ጠርሙስ ውስጥ ትንጠዋለች። ሰው ሁሉ የሚጠጣ ኬክ ይለው ነበር።"

"በረዶ ከየት ይመጣል?"

"ሱሉልታ ተቀምጠሽ በረዶ ከየት ትያለሽ? ወተቱን ነው እንጂ ማሰብ።"

ተረፈች ስኳርም ጨምራ ገዝታ ተመለሰች። መንገድ ላይ ስለ ወተቱ አሰበች፤ በእርግጥ እንቅልፍ ያንገዳገደው ሰው ሐሳብ ነበር፣ ይመጣል ይጠፋል። ቤት ደርሳ ለአጫጆቹ ፍትፍት የሚሆን ሱፍ ስታምስ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ሱፉን ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ስታጠልለው የወረደው ውሃ ነጭ ነው። ከላም ወተት የሚለየው አንድ ነገር ላም አለመኖሯ ነው። ከፍትፍቱ በፊት አንድ ኩባያ ቀንሳ አስቀመጠች።

ጀምበር ስትገባ ሰፊውን የብረት ትሪ አጥባ፣ ንጹሕ ውሃ ስስ አድርጋ ሞልታ ከበረቱ ጀርባ ሣሩ ላይ አኖረችው። ጎህ ሲቀድ ሜዳው ሁሉ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ትሪው ላይም ውሃው እንደ መስተዋት ጠጥሯል። በጣቷ ብትነካው ተሰነጠቀ። ወደ ጣሳ ስትሰበስበው እጇ ደነዘዘ፤ የተሰነጣጠቀው አውራ ጣቷ ደም አወጣ።

የመጀመሪያው ስኳር አረረባት። ብረት ድስቷ ውስጥ ቀልጦ ቢጫ ሲሆን ዐይኗን ለአፍታ ጨፈነች፤ ስትገልጥ ከሰል ሆኗል። ፈግፍጋ አጠበችና እንደገና ጀመረች። አሁን ቆማ ጠበቀችው። ስኳሩ የማር መልክ ያዘ፣ ከማሩ ወደ ጠይም ሄደ፤ ጭሱ አፍንጫዋን ቆንጠጥ ሲያደርጋት አውርዳ ወፍራሙን ቡና አፈሰሰችበት። ድስቱ ተንጨረጨረ፤ ስኳሩ እንደ ድንጋይ ደረቀ። አበላሸሁት ብላ ልትደፋው ስትል ግን ቀስ እያለ መሟሟት ጀመረ። ያንን ውጪ አስቀምጣ አበረደችው። ለመናጥ እጇ በልማድ ወደ ቅሉ ሄዶ ነበር፤ የቂቤው ሽታ ትዝ አላትና ተወችው። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ አጥባ ቡናውን፣ የሱፉን ወተትና የተሰባበረውን በረዶ ከታ፣ በጨርቅ ወትፋ ናጠችው።

ወይዘሮ ደጊቱ ብርጭቆውን ከፊታቸው አራቅ አድርገው ተመለከቱት። አረፋ ነበረው።

"ወተት ነው?"

"ሱፍ ነው፣ እማዬ። የጾም ነው።"

ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ጥቂት አቆዩትና ዋጡት፤ ሲውጡ እንደ ወትሮው ዐይናቸውን አልጨፈኑም። እንደገና ጠጡ። ብርጭቆውን ባዶ አደረጉት። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ "ስኳሩ በዝቷል" አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከመኝታቸው ጠሯት። "ተረፈች፣ በረዶው ሠርቷል?"

እፎይታ ያገኘች የመሰላት ተረፈች ሌላ ሥራ አገኘች። ማታ ትሪ ማውጣት፣ ፀሐይ ሳትቀድማት በረዶ መልቀም፣ ሱፍ መውቀጥ፣ ስኳር ማቃጠል፣ መናጥ፤ ይህ ሁሉ ከወተቱ ማለብ ጋር በአንድ ማለዳ። ወይዘሮ ደጊቱ የራሳቸውን ሻሽ ፈቱ። ማቃሰቱ ቀረ። መገርሳ ከሜዳ ሲመለስ እናቱን ተቀምጠው ሲያወሩ አገኛቸውና ተመስገን አለ፤ ሚስቱንም፣ "ለእኔ አላስቀረሽልኝም?" አላት። በሳምንቱ መጨረሻ ጎረቤታቸው ኦቦ ጃራ፣ ሽማግሌው፣ ወሬውን ሰምተው መጡ።

"አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ደጊቱ? ቡና በውርጭ ትጠጣለች ይሉሻል።"

ተረፈች ለእሳቸውም ቀዳችላቸው። "ይሄ ቡና ነው ብርዝ?" አሉና ጨርሰው ጠጡ። በሌላ ቀን ከሚስታቸው ጋር መጡ። ተረፈች ሁለተኛ ትሪ ተውሳ ማውጣት ጀመረች። ሰው ሁሉ፣ ደጊቱ ታደለች፣ እንዲህ ያለች ምራት ይስጠን ይላል። ምስጋናውን ቆማ ትሰማለች፤ ቆማ የምትሰማው ብትቀመጥ እንዳትነሣ ፈርታ ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መገርሳ ድርቆሹን አስጭኖ አዲስ አበባ ሊሸጥ በወጣበት ቀን፣ ተረፈች እንደ ልማዷ ጠርሙሱን ሞልታ እየናጠች ከቤቱ በስተምሥራቅ ግድግዳ ሥር ቆመች። ፀሐይዋ ወጥታ ጭቃው ሞቅ ብሏል። ጀርባዋን አስደገፈች። ሳታስበው ቁጭ አለች። ስኳሩ ልክ መሆኑን ለማየት ከጠርሙሱ አፍ አንዴ ተጎነጨች።

እስከዚያ ቀን በማንኪያ ጫፍ ከመቅመስ በቀር ጠጥታው አታውቅም። ቅዝቃዜው ጥርሷን ነካት፤ ከኋላው ቡናው መጣ፣ ከቡናው ኋላ ያ የተቃጠለ ጣፋጭ። ሱፉ ምላሷ ላይ ለስላሳ ሆኖ ቀረ። ደግማ ጠጣች። ሌላም ደገመች። አማቷ ከውስጥ ሲጠሯት ሰማች፤ አልመለሰችም። ጠርሙሱን ወደ ላይ ገልብጣ የመጨረሻዋን በረዶ ሰባብራ ዋጠች።

ከዚያ ነው ያደረገችው የገባት። ትሪዎቹ ላይ የቀረው ውሃ ነው። ተነሥታ ገባች።

"የት ቆየሽ? ስጠራሽ አትሰሚም?"

"ቡናው የለም፣ እማዬ።"

"ተደፋ?"

ተደፋ ማለት ትችል ነበር። "ጠጣሁት" አለች።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ወይዘሮ ደጊቱ ቀና ብለው አዩዋት። ተረፈች ቁጣውን ጠበቀች። "ደክሞኛል" አለች ደግሞ። እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ማልቀስ የጀመረች መሰላት፤ እንባ ግን አልመጣም።

"ተቀመጪ" አሉ አማቷ።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እኔም አማቴን አስታምሜያለሁ። የመገርሳን አያት። ወገቧ አልታዘዝ ብሎ ዓመት ከመንፈቅ ተኛች። እኔ ነኝ ያገላበጥኳት። የሞተች ዕለት ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ በረቱ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ፈልገው አጡኝ። ያለቀስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ግን ከልቤ አለቀስኩ።" ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። "ክፉ ነበርኩ ብዬ ስንት ጊዜ ተናዘዝኩ። ክፉ አልነበርኩም። እንቅልፌ መጥቶ ነው።"

ተረፈች ልትነሣ ነጠላዋን ሰበሰበች።

"በይ እዚሁ ጋደም በይ፣ ኢንተላ ኮ።"

ልጄ ማለታቸው ነው። እስከዚያ ቀን በስሟ ነበር የሚጠሯት።

"ጥጆቹ አልተፈቱም። የአጫጆቹ ሊጥ..."

"ጥጃው ይጩህ። ሊጡም ይኩፍ።"

ተረፈች ከአማቷ እግር ሥር ኩርምት ብላ ተኛች። የበሽተኛዋ እግር ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማትም።

መገርሳ ድርቆሹን ሸጦ ሲመለስ ቀኑ ዘምበል ብሎ ነበር። ላሞቹ በር ላይ ቆመው ያገሳሉ፤ ከቤቱ ጭስ አይወጣም። ደንግጦ ሲገባ እናቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ጠበቁት።

"ምን ሆና ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"ተኝታ ነው። ሂድና ላሞቹን እለብ።"

"እኔ? አዮ፣ እናቴ፣ ወንድ ላም ሲያልብ የት አይተሻል?"

"ዛሬ አያለሁ። ሲመሽ ደግሞ ቡራዩ ለእህትህ ለአያንቱ ሰው ትልካለህ። የእሷም እናት ነኝ፤ የተረፈች ብቻ አይደለሁም። ከገና በፊት ትምጣ።"

"ቶሌ፣ እሺ" አለና መገርሳ ማለቢያውን ለማግኘት ቤቱን ዞረ፤ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። ያለበው ግማሹ መሬት ላይ ቀረ፤ አንዷ ላም እግሩን ረገጠችው። ይህን ተረፈች የሰማችው በኋላ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሲያነክስ አይታ ብትጠይቀው ድንጋይ መታኝ ብሏት ነበር።

አያንቱ ልጆቿን ለባሏ እናት ትታ በገና ዋዜማ ከቡራዩ መጣች። ጾሙ ሲፈታ ተረፈች ቡናውን በእውነተኛ የወተት ቅባት ሠራችላቸው፤ ወይዘሮ ደጊቱ ግማሹን ጠጥተው፣ "ይሄ ይከብዳል፤ የሱፉን መልሱልኝ" አሉ። ቁስላቸው አልዳነም፤ አልባሰምም። ትሪ ማውጣቱንና መናጡን አያንቱ ወሰደችው፤ እንደ ተረፈች ግን አላሳመረችውም፤ ወይዘሮ ደጊቱም ይህን ከመናገር አልተቆጠቡም፤ ግን ጠጡት።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ ተረፈች ወደ ምንጩ ወርዳ ጸጉሯን ፈታች። ከኅዳር ጀምሮ አልታጠበም ነበር። አጥባው ስትጨርስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እስኪደርቅ ፀሐይ ሞቀች። ከሜዳው ወዲያ የድርቆሽ ክምሮቹ ይታያሉ፤ አንድ መኪና ወደ ጎጃም እያጓራ አለፈ። የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁለቴ ግን የተጠራች መስሏት ዞር ብላ ወደ ቤቱ አየች።