ዙልሁመር የታጨችበት ዳቦ

ሐኪሟ ለበሽታዬ ስም የሰጠችው በግንቦት ነው። ለዓመታት ክርኔና የራስ ቆዳዬ ላይ ሲላላጥ የኖረው ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ መገጣጠሚያዎቼ ውስጥ ገብቷል።

"የገዛ ሰውነትህ ነው የሚወጋህ" አለችኝ። "ይነሳል፣ ይበርዳል። ሲነሳ ግን አንዳንዴ ወራት ይቆያል።"

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የቀኝ እጄ ጣቶች አብጠው አልታጠፍ ስላሉኝ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ እህቴ ዙልሁመር ነበረች።

በሰኔ ለእሷ ሽማግሌ ተላከ። በእኛ በኡዝቤኮች ከተማ በሳማርካንድ የጋብቻ ቃል የሚታሰረው በዳቦ ነው፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ወፍራሙን ዳቦ ግራና ቀኝ ይዞ ይገምሰዋል። አባታችን በሕይወት ስለሌለ የእኛን ወገን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ረጅም እጅጌ አለበሰችኝ። "ከጠየቁህ ምድጃ አቃጠለኝ በል።"

"እማዬ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ከዳቦ ምድጃ ምን አገናኘኝ?"

"እናትህን ልትረዳ ስትል ነዋ። አስተማሪ እናት የለውም?"

የሙሽራው አጎት ኤርጋሽ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ዳቦውን በእሱ በኩል ያዘ። እኔም ያዝኩ፤ ጣቶቼ አልጨብጥ አሉና ዳቦው አመለጠኝ።

"ምነው መምህር፣ ከጠመኔ በቀር ሰብረህ አታውቅም?"

ሁሉም ሳቁ። የሙሽራው አክስት ሙኒራ ግን አልሳቀችም። እጅጌዬ ተሰብስቦ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ? በዘር የሚመጣ እንዳይሆን።"

በክፋት አልነበረም። ልጅ ቢኖረኝ እኔም እጠይቃለሁ። ሐኪሟም ከዘር ሊመጣ እንደሚችል ነግራኛለች። ዙልሁመር የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ የምታየው ማንቆርቆሪያውን እንጂ እኔን አይደለም።

"ምድጃ ነው" አልኩ። "እናቴን ልረዳ ብዬ።"

"ተባረክ" አለች ሙኒራ።

ኤርጋሽ እጁን እጄ ላይ ጭኖ ተጫነ። ዳቦው ተገመሰ። ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ፈገግ ያልኩ መስሏቸው መረቁኝ።

ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ። በሽታው እነዚያን ወራት ሙሉ አልበረደም። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፣ ጥፍሮቼ ተቦረቦሩ፣ ቅርፊቱ ከፀጉሬ ወርዶ ግንባሬና ጉንጬ ላይ ወጣ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ጀርባዬን ቅባት እየቀባችኝ፣ "ታሽከንት ስብሰባ ሄዷል እንላለን" አለችኝ።

"ለሠርጉ ቀን?"

"ፊትህን ምን ልንል ነው? ፊቱንም ምድጃ አቃጠለው?"

"ዙልሁመር ታውቃለች?"

እጇ ጀርባዬ ላይ ቆመ። "ሐሳቡ የእሷ ነው።"

የሠርጉን ቀን ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ርቆ በሚገኝ ጓደኛዬ ቤት ተኝቼ ዋልኩ። የሠርጉ ረጅም መለከት ሲነፋ ጥርት ብሎ ይሰማል። በእህቴ አልፈርድባትም፤ በሙኒራ ፊት የዋሸሁት እኔው ነኝ። ቢሆንም እግሬ ቢታዘዘኝ ኖሮ ተነስቼ መስኮቱን እዘጋው ነበር።